በጉ የጾመበት ፍልሰታ

ባለፈው ወር ዳባት በማስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ ጠጣር ነገር በሙቀት እንዴት ፈሳሽ እንደሚሆን ለልጆቹ ላሳይ ብዬ አንድ ማንኪያ ስኳር ሻማ ላይ ያዝሁ። ዝግጅቴ የተሟላ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄዎች ጽፌያለሁ፤ ማን ቀርቦ እንደሚያይም ለይቻለሁ። ስኳሩ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ረጠበ። ቀጥሎ ማር መሰለ። ከዚያ ቀላ፣ ቡናማ ሆነ፣ ቀጭን ጢስም ወጣው።

«ቲቸር፣ አረረ!» አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ።

እኔ ግን ማንኪያውን ማንሳት ረስቻለሁ። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ በሐሳቤ ደባርቅ ገብቼ ነበር። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ እናቴ ትንሽ ድስት በጨርቅ ይዛ «በስመ አብ» ትላለች፤ እኔ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ይቀረኛል።

ያን ክረምት እስካሁን ለማንም በቅደም ተከተል አልተናገርሁም። አሁን ልሞክር።

እናቴ ወርቄ በዚያን ጊዜ ደባርቅ ውስጥ አንድ ሆቴል ዕቃ ታጥብ ነበር። አባቴ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዷል። ክረምት ሲገባ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ እንግዳ ስለማይኖር ሆቴሉ ዕቃ አጣቢዎቹን ያሰናብታል፤ እናቴም እስከ መስከረም ቤት ትቀመጣለች። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ መልሰው ይጠሯት አይጠሯት አታውቅም።

የሰፈራችን ትልቅ ሰው ጋሽ አዛናው ነበሩ። ትልቅነታቸው በቁመት አይደለም፤ ቁመታቸውማ ከእናቴ ትከሻ አያልፍም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከእንግዶች ጋር ሳንቃበር፣ ጊች፣ ጨነቅ፣ አምቢኮ እየወጡ ድንኳን ውስጥ ያበሰሉ ሰው ናቸው። ስማቸውን ያስጠራው ግን ግልብጥ ኬካቸው ነው፤ ከተራራ ሲወርዱ ሆቴሉ ጓዳም ይጋግሩታል።

ግልብጥ ኬክ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ሌላ ኬክ ጌጡ ከላይ ይደረግበታል፤ ይህኛው ጌጡን ከሥር ይዞ ይጋገራል። ድስቱ ውስጥ ቅቤና ስኳር ይቀልጣል፤ በዚያ ላይ ፍሬ ይደረደራል፤ በፍሬው ላይ ደግሞ ከእንቁላልና ከማስነሻ ዱቄት ጋር የተመታ ሊጥ ይፈስሳል። ከዚያ ድስቱ ይከደንና ከሥሩም ከክዳኑም ላይ ፍም ይደረግለታል። ሲበስል ትሪ ይደፋበትና ባንድ ትንፋሽ ይገለበጣል። ድስቱ እስኪነሣ ድረስ ፍሬው ማረሩን፣ ከድስቱ መጣበቁን ወይም ማማሩን ማንም አያውቅም። እናቴ «በስመ አብ» የምትለው እዚህ ላይ ነው።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ጋሽ አዛናው በከዘራ እያነከሱ ቤታችን መጡ።

«ወርቄ፣ ይህ ጉልበት ከእንግዲህ ዳገት አልወጣም ብሎኛል» አሉ። «ሆቴል ሳለሽ ሳበስል ዓይንሽን ከእጄ አትነቅዪም ነበር። ምን ያህሉን ያዝሽ?»

«ምን እይዛለሁ ጋሼ፤ ዕቃ ሳጥብ እኮ ነው ያየሁት።»

«ያየሽውን ሥሪ። በቆርቆሮ የሚመጣው አናናስ ለበቅሎ ከባድ ነው፤ ሱቅም አይገኝም። አገሩ በሚያበቅለው ፍሬ አድርጊው። ፍልሰታ የሚፈታ ዕለት ከሰዓት መጥቼ እቀምሳለሁ። ከሆነልሽ ቦታዬ ያንቺ ነው። ካልሆነልሽ ለአንድ የጎንደር ልጅ ቃል እሰጣለሁ።»

«ሴት ተራራ ላይ ስታድር በቅሎ ነጂዎቹ አይሥቁም?»

«ይሥቃሉ። እራት እስኪቀርብ።»

እኔ «ቦታዬ» ያሉት ሆቴሉ በር ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡባት ጠፍር ወንበር መሰለችኝ። እናቴ እሷ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን አነባብራ፣ እኔ ሥሯ ስጫወት ታየኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያን ወንበር እናቴ እንድታገኝ አጥብቄ ተመኘሁ።

ሐምሌን ሙሉ ቤታችን የፍሬ ቤት ሆነ። መጀመሪያ ሙዝ ሆነ። ሲጋገር እንደ ከሰል ጠቆረ፤ እናቴ «እንግዳ ይህን ቢያይ ወደ አገሩ ይመለሳል» አለች። ቀጥሎ ከዛሬማ በአይሱዙ የመጣ ማንጎ አመጣች። ውኃው በዝቶ ኬኩ ትሪው ላይ እንደ አጥሚት ፈሰሰ፤ እኔ በማንኪያ ጨረስሁት። ብርቱካኑን ከነልጣጩ ከትታ ስለደረደረችው መረረ። በለሱማ ጥርስ ውስጥ የሚገባው ፍሬው አላስበላ አለ፤ ሁለታችንም ደጅ ቆመን ስንተፋ ዋልን። እኔ አሁን ሳስበው እናቴ እንደ ጥሩ መምህር ነበር የምትሠራው፦ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ትለውጣለች፣ ከዚያ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ታስባለች።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል በጎረቤታችን በእትዬ ጥሩ ጓሮ ኮክ ደረሰ። እናቴ ኮኩን ለሁለት ሰንጥቃ፣ ፍሬውን አውጥታ፣ ጎድጓዳውን ወደ ታች ደፍታ ደረደረችው። ሲገለበጥ በየጎድጓዳው ስኳሩ ተኝቶበት እንደ ብርሌ ጠጅ አበራ። እናቴ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች።

«ይኸው ነው» አለች። «አሁን እጄ እስኪለምደው ብቻ።»

እጇ ሳይለምደው ፍልሰታ ገባ።

ችግሩ ይህ ነው። ኬኩ እንቁላልና ቅቤ አለበት፤ እናቴ ደግሞ በፍልሰታ እንኳን ልትበላ ጣቷንም አትልስም። ሊጡ እጇን በነካት ቁጥር ትታጠባለች። ደግሞ ካልቀመሰች መማሯን በምን ታውቃለች? ነሐሴ አንድ ቀን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችኝ።

«ስመኝዬ፣ ሰባት ዓመት የሚሞላሽ ገና በጥቅምት ነው። ስለዚህ ዘንድሮ አትጾሚም። ዘንድሮ ምላሴ ነሽ። እኔ እጋግራለሁ፤ አንቺ ቀምሰሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ።»

ሹመት እንደተሰጠኝ ቆጥሬው ነበር፤ ደስታዬ ግን የእትዬ ጥሩን ልጅ ምንቴን እስካገኝ ድረስ ብቻ ነበር። ምንቴ በሰኔ ሰባት ዓመቷን ደፍናለች። የጾመች ልጅ መስላ እንድትታይ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ በራቸው ላይ ቆማለች።

«እኔ እስከ ቅዳሴ ነው የምጾመው» አለችኝ። «አንቺ ሕፃን ስለሆንሽ ወተትሽን ሄደሽ ጠጪ።»

«እኔም እጾማለሁ!»

«ውሸታም! እናትሽ ቅቤ እያቀለጠች?»

«አልገድፍም! በማርያም!»

በማርያም ጾም በማርያም ማልሁ። ስድስት ዓመት ከአሥር ወር የሆነው ሰው ከዚህ የሚመለስበት መንገድ የለውም።

በማግስቱ እናቴ በትንሿ ድስት፣ ለአንድ ልጅ የምትበቃ ኬክ ጋገረች። ድስቱ ሲነሣ ትኩስ ቅቤና ያረረ ስኳር ቤቱን ሞላው። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም፤ የቁርስ ቂጣዬን ከቅዳሴ በኋላ ልበላ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ኮኩ ሥጋው ከሊጡ ጋር ተዋህዶ ዳሩ ላይ ቡናማ ጠርዝ ሠርቷል። ምራቄን ዋጥሁ። ምራቅ መዋጥ ይገድፍ አይገድፍ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

«ደጅ ሆኜ ልብላው» አልሁ።

«ብርድ ነው እኮ።»

«ደጅ ሲሆን ይበልጥ ይጣፍጣል።»

በአጥሩ ቀዳዳ ወደ እትዬ ጥሩ ጓሮ ሾለክሁ። ከኮኩ ዛፍ ሥር ለእንቁጣጣሽ የተገዛ ቡናማ በግ ታስሯል። ኬኩን ሰጠሁት። አሸተተ፣ አየኝ፣ በሁለት ጉርሻ ጨረሰው፤ ትሪውንም ላሰው። አፌን በእጅጌዬ ጠርጌ ተመለስሁ።

«እህ?» አለች እናቴ።

«ይጣፍጣል!»

«ከሐምሌው ጋር ሲነጻጸር?»

«ይበልጣል!»

በግንባሬ ሳመችኝ። በጉ ወድዶት ስለነበር ሙሉ ውሸት አልመሰለኝም።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። አንድ ቀን እትዬ ጥሩ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «ወርቄ፣ አንቺ ቤት ፍልሰታ አልገባም እንዴ? የቅቤው ሽታ ቅዳሴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ!» አሏት።

«ለእንጀራዬ ነው እትዬ። እኔ ልፋቱን እንጂ ጣዕሙን አላየሁትም» አለች እናቴ። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር፤ ጓዳ ስትገባ ግን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እኔ የሽንኩርት ጉዳይ መሰለኝ። ቤታችን ያን ቀን ሽንኩርት አልተከተፈም።

ነሐሴ ስምንት ቀን ኬኩን እንደ ልማዴ ለበጉ ወሰድሁለት። አሸተተ። አንድ ጊዜ ነከሰ። ከዚያ ራሱን አራግፎ ፊቱን አዞረ። በአፉ አስጠጋሁለት፤ ወደ ኋላ አፈገፈገ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ገባኝ፤ ቢያንስ የገባኝ መሰለኝ። በጉ ጾም ጀምሯል። ከምንቴና ከእኔ ጋር እየዋለ ነው የለመደው። እንዲያውም ከእኔ በላይ ጠነከረብኝ፤ እኔ ስንት ጊዜ ምራቄን ስውጥ እሱ ዞር ብሎም አላየውም። ከዚያ በኋላ ኬኩን ከኮኩ ዛፍ ሥር መቅበር ጀመርሁ፤ ለእናቴም «ይጣፍጣል» ማለቴን ቀጠልሁ።

የፍልሰታው በዓል ዕለት ጎህ ሲቀድ ቅዳሴ ወጣ። እኔና ምንቴ ቆርበን፣ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን፣ ከልጆቹ ጋር ተሰልፈን ወጣን። የቆረበ ሰው ብዙ አያወራም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ በሴቶቹ በር በኩል ቆማ ስታየን ፈገግ አለች። ምንቴ ግን ደስታዋን መያዝ አቃታት። ነጠላዋን ከአፏ አወረደችው።

«እትዬ ወርቄ! እኔና ስመኝ አንድም ቀን አልገደፍንም! አሥራ አምስቱንም!»

እናቴ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«አንድም ቀን?»

አፌ ተሸፍኗል። ብቻ በዓይኔ አየኋት። እንባዬ ነጠላው ላይ ሲወርድ እሷ መልሱን አገኘች። አልተቆጣችም። እጄን ይዛ ጭቃውን እየዘለለች ወደ ቤት ወሰደችኝ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ አዛናው ይመጣሉ።

ለልምምድ ማታ የጋገረችው ኬክ መደርደሪያው ላይ ነበር። ጾሙ ተፈቷል። ቆርሳ አፏ ከተተች፣ ሁለት ጊዜ አኘከች፣ ሮጣ ደጅ ተፋችው።

«ሳሙና!» አለች። «ስመኝ፣ ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው! ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«አላውቅም» አልሁ እያለቀስሁ። «እኔ አልቀመስሁትም። በጉ ግን ከጾመ ስምንት ቀኑ ነው።»

«ማን?»

«የእትዬ ጥሩ በግ። መጀመሪያ ይበላ ነበር። ከዚያ እሱም መጾም ጀመረ።»

እናቴ አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና ሣቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ፣ ሆዷን ይዛ ሣቀች። ድንገት ሣቋን አቆመች።

«ስምንት ቀን» አለች። «ስምንት ቀን። ማስነሻ ዱቄቱ ያለቀብኝ የዚያን ቀን ነው። ከሱቅ በፌስታል ተቋጥሮ የተሰጠኝ ሌላ ነው!»

ዛሬ ምን እንደነበር አውቃለሁ። ሊጥ የሚያስነሣው ቤኪንግ ፓውደር ሲያልቅባት የተሸጠላት ሶዳ ነበር። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሶዳ ግን ብርቱ ስለሆነ ትንሽ ብቻ ይበቃዋል፣ ደግሞ የሚያበርደው ጎምዛዛ ነገር ይፈልጋል፤ አለዚያ ሳሙና ሳሙና ይላል። እናቴ ይህን ማንም አላስተማራትም። ሱቁ ለበዓል ተዘግቷል። ሌላ ማስነሻ ዱቄት የለም። ይህን እያሰበች እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሳለች እትዬ ጥሩ ለፍስኩ አንድ ማንቆርቆሪያ አሬራ ይዘው ገቡ።

«እንኳን አደረሰሽ። ያን ጊዜ በአጥሩ የተናገርሁሽ ነገር ሲቆረቁረኝ ሰነበተ» አሉ። «ይህን ጠጡበት።»

እናቴ አሬራውን ቀመሰች። ጎመዘዛት። ዓይኗ ማንቆርቆሪያው ላይ ቀረ። «ምናልባት ጎምዛዛው ሳሙናውን ያጠፋው» አለች። ከዚያ ነጩን ማስነሻ ዱቄት በማንኪያ መለካት ትታ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ፣ ሊጡን በውኃ ፋንታ በአሬራ አቦካችው። ሊጡ እንደ ጠላ አረፋ አወጣ። እትዬ ጥሩ ወደ ኋላ አሉና አማተቡ።

ጋሽ አዛናው ሲመጡ ድስቱ ፍም ላይ ነበር። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። እናቴ ፍሙን ከክዳኑ ላይ ጠረገች፣ ትሪውን ደፋች፣ «በስመ አብ» አለች፣ ገለበጠችው።

ድስቱ ሲነሣ ኮኮቹ ክብ ሠርተው ብቅ አሉ። አንዱ ድስቱ ውስጥ ቀርቷል፤ በጣቷ አንሥታ ቦታው ላይ መለሰችው። ኬኩ አልፈረሰም።

«ቀማሽሽ ይቺ ናት አሉ» አሉ ጋሽ አዛናው ወደ እኔ እያዩ።

«ናት…» አለች እናቴ።

«እንግዲያው እሷ ትጀምር።»

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው አፌ የገባው። ኮኩ ትኩስ ነበር፤ ምላሴ ላይ ሟሟ። ስኳሩ ጥርሴ ላይ ተሰበረ፤ ሊጡ ለስላሳ፣ ትንሽ ጎምዘዝ ያለ ነበር። ሳሙናው የለም። ግን ዳሩ ጋ ስደርስ አንድ ነገር ጉሮሮዬን ቧጠጠው። ሁሉም ያዩኛል። የእናቴ እጆች ቀሚሷን ጨብጠዋል። «ይጣፍጣል» ማለት እንዴት ቀላል እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«መሃሉ ይጣፍጣል» አልሁ። «ዳሩ ግን ይመራል።»

እትዬ ጥሩ «ውይ!» አሉ። እናቴ አንገቷን ደፋች። ጋሽ አዛናው ዳሩን ቆርሰው ቀመሱ፤ ረጅም ጊዜ አላመጡ።

«ይመራል» አሉ። «ስኳሩ አርሯል።» ሌላ ቆረሱ፤ አሁን ከመሃል። «ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዶቹ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው አሉኝ። ጨው በስኳር ፋንታ የጨመርሁ ዕለትም ፈገግ ብለው ጥሩ ነው አሉኝ። እስከ ዛሬ የኬኬን እውነት አላውቅም።» ወደ እናቴ ዞሩ። «ከሥር ያለውን ፍም ከድስቱ ዳር አርቂው፤ ወደ መሃልም አታብዢው። ዳሩ አይመርም። ደግሞ ጫማ ግዢ፤ ይህ ያደረግሽው ጊች አያደርስም። መስከረም ሃያ በቅሎ ይጫናል።»

እናቴ ልትስማቸው ጉልበታቸው ላይ ጎንበስ ስትል «ያመመኝን አይደለም፣ ያኛውን!» ብለው ጮኹ።

በጉ ለእንቁጣጣሽ ታረደ። ሥጋው ለምን እንዲህ እንደጣመ ሰፈሩ ሲወያይ እናቴና እኔ ተያየን።

መስከረም ሃያ ማለዳ በቅሎዎቹ ሆቴሉ በር ላይ ተጫኑ። እኔ ጠፍሯን ወንበር አየኋት፤ ጋሽ አዛናው ተቀምጠውባታል። እናቴ አዲስ ጫማዋን አድርጋ ከበቅሎዎቹ ኋላ ቆማለች። ቦታው ወንበሩ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው። ቦታው እዚያ ላይ፣ ደመናው ውስጥ ነበር፤ እኔም እሷ ወደዚያ እንድትሄድ ስመኝላት ነበር የከረምሁት። ቀሚሷን ይዤ አልለቅም አልሁ። አንድ በቅሎ ነጂ አብሳዮችን በሚጠሩበት በእንግሊዝኛው ቃል «እማማ ኩክ፣ ልጅሽንም እንጫናት?» ብሎ ሣቀ።

እናቴ ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ውስጥ ተናገረች። «ምላሴን እዚህ ትቼ ነው የምሄደው። መመለሴ አይቀርም።»

እትዬ ጥሩ ጋር ስምንት ቀን አደርሁ። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት መጣች፤ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ነጠላዋ ጢስና ያረረ ስኳር ይሸታል። ከኮሮጆዋ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ከጨነቅ ድረስ ይዛው የወረደች አንድ ቁራጭ ኬክ ነው፤ ደርቋል፣ አንዱ ጎኑ ተጨፍልቋል።

«ሁሉም ጥሩ ነው አሉ» አለችኝ። «በቅሎ ነጂዎቹ ሳይቀሩ። አሁን አንቺ ንገሪኝ።»

እጄን ዘረጋሁ፤ መልሼ ሰበሰብሁት።

«እማዬ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው።»

ትንሽ አየችኝ። የፍልሰታው ቀን እንዳየችኝ ዓይነት አልነበረም። ከዚያ ወረቀቱን ቀስ ብላ መልሳ አጠፈችው፣ መደርደሪያው ላይ፣ ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እውነትሽን ነው» አለች። «እስከ ነገ እንጠብቃለን።»